ሳይቃጠል በቅጠል፦ ወላጅ የልጁን የሒሳብ ትምህርት በጊዜው ይወቅ

(ከዚህ በታች የቀረበው እዚህ ካኩማ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ስደተኛ መምህር፣ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ላሏቸው ኢትዮጵያውያን ወላጆች በተጠራው ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር ነው።)



በዚህ ፀሐይ፣ የውሃ ወረፋችሁንና የዕለት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩ ሰው አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃን አገሬ ላይ ጨርሼ እዚህ ስመጣ፣ መምህር ይፈለጋል ሲባል ጠመኔ ያነሳሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን በክፍል ውስጥ ያየሁትን፣ ይልቁንም ያጠፋሁትን ነው።

ከጥፋቴ ልጀምር። የምተርከው ታሪክ ባለቤት ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰባተኛ ክፍል ሁለተኛው ተርም ተዘግቶ ካርድ ካደልን በኋላ፣ ስኳር ልገዛ ወደ አንድ ወገናችን ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «መምህር፣ ግባ፣ ግባ፤ ዛሬማ ሳትቀመጥ አትሄድም» አለኝ። ቡና አስፈላልኝ። ስኳሩንም በነጻ ሰጠኝ። ግራ ገብቶኝ ስጠብቅ፣ ከመደርደሪያው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወረደ። የልጁ ሪፖርት ካርድ ነበር። በጣቱ የሒሳቡን መስመር እያሳየኝ «ይኸው፣ በሒሳብ ኤ አመጣ። እኔ በአገሬ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው የቀረሁት። ልጄ ግን ኤ አመጣ» አለኝ።

በካርዱ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሆሄ «ኤ.ኢ.» የሚል ነበር። ይህም «ከሚጠበቀው ደረጃ ለመድረስ የተቃረበ፣ ነገር ግን ያልደረሰ» ማለት ነው። ከአራቱ ደረጃዎች ከታች ሁለተኛው ነው። አባትየው በአገራችን እንደሚታወቀው የመጀመሪያዋን ሆሄ አይቶ ልጁ ከሁሉ የላቀ መሰለው። ልጁ በሱቁ ጥግ ቆሞ ይሰማል። እኔን አየኝ፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ።

ወገኖቼ፣ ያን ዕለት እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ቡናው ፊቴ ቀርቧል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ሰውየው ደስ ብሎታል። ይሉኝታ ያዘኝና «እግዚአብሔር ያሳድገው» ብዬ ወጣሁ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ እያልኩ ስድስት ወር አለፈ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ገብቶ ኢንቲጀር ሲጀመር ጭራሽ ተሸነፈ። ደብተሩን ደብቆ ይቀመጥ ጀመር፤ ቀጥሎም ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ መቅረት አመጣ። ያኔ አባትየውን ለብቻ ጠርቼ ነገርኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «መምህር፣ ይህን ካወቅህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስድስት ወር» አልኩት። «ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ማታ ማታ ከሱቅ አነሳው አልነበረም? ጎበዝ ነው፣ አይጎዳም ብዬ እኮ ነው እስከ ምሽት ሱቅ የማስጠብቀው» አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ይህ ነው። ዛሬም በፊታችሁ ያቆመኝ እሱው ነው።

በካርዱ ላይ ያሉት ሆሄያት

እንግዲህ ይህ ዳግመኛ እንዳይደርስ ሆሄያቱን አንድ በአንድ እንወቃቸው። እናንተ ብዙዎቻችሁ በመቶኛ ወይም በአገራችን በኤ፣ ቢ፣ ሲ የተማራችሁ ናችሁ። የኬንያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሚጠቀመው ሌላ ነው።

«ኢ.ኢ.» ማለት ከሚጠበቀው በላይ ነው። «ኤም.ኢ.» ማለት የሚጠበቀውን አሟልቷል ነው። «ኤ.ኢ.» ተቃርቧል፣ አልደረሰም ማለት ነው። «ቢ.ኢ.» ደግሞ ከሚጠበቀው በታች ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በኤ የሚጀምረው ሦስተኛ፣ በቢ የሚጀምረው የመጨረሻው ነው። የአገራችንን ልማድ ይዘን ካነበብነው ደካማውን ጎበዝ እናደርገዋለን። በዘጠነኛ ክፍል አገር አቀፍ ምዘና ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ደረጃ በሁለት ተከፍሎ 8 እርከን ይሆናል፤ ከሆሄው ጎን 1 ካለ ከፍ ያለው፣ 2 ካለ ዝቅ ያለው ነው።

ሁለተኛው ማወቅ ያለብን ነገር ይህ ነው። ቀድሞ ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች ስምንተኛ ክፍል ሲጨርሱ አንድ ትልቅ ፈተና ይወስዱ ነበር። ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ያለው አደረጃጀት የስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ የሦስት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም ሰባተኛ፣ ስምንተኛና ዘጠነኛ፣ ከዚያም የሦስት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አገር አቀፉን ምዘና የወሰዱት በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው።

ብዙ ወላጅ «ዘጠነኛ ሲደርስ ይጠናከራል» ሲል እሰማለሁ። ነገር ግን ወደ አሥረኛ ክፍል ለመመደብ የሚያዘው ነጥብ ከአንድ ቦታ አይመጣም። 20 በመቶው ከስድስተኛ ክፍል ምዘና፣ 20 በመቶው በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል በትምህርት ቤት ከሚሰጠው ምዘና፣ 60 በመቶው ከዘጠነኛው ምዘና የሚደመር ነው። እንግዲህ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ 40 በመቶው አስቀድሞ ተጽፏል ማለት ነው። በሰባተኛ ክፍል የተበላሸው በዘጠነኛ አይፋቅም።

ደግሞም «ልጄ ሒሳብ ባይወድ ሌላ ይመርጣል» የምትሉ አላችሁ። በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ወይም በሥነ ጥበብና ስፖርት ዘርፍ ይከፋፈላሉ። ሆኖም በ2025 እ.ኤ.አ. የኬንያ ትምህርት ሚኒስቴር ሒሳብ በሁሉም ዘርፍ ግዴታ እንደሚሆን አስታውቋል፤ ለሳይንሱ ጠንከር ያለው፣ ለሌሎቹ ቀለል ያለው። ስለሆነም ከሒሳብ የሚሸሽበት በር የለም።

ልጆቻችን የሚወድቁባቸው ሦስት ቦታዎች

ሒሳብ እንደ ጡብ ግንብ ነው፤ ከታች አንዱ ከጎደለ ከላይ የተደረደረው ይናጋል። በታሪክ ትምህርት አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ልጅ የሚቀጥለውን ሊረዳ ይችላል። በሒሳብ ግን አይሆንም። ባየሁት መጠን ልጆቻችን የሚሰበሩት በሦስት ቦታ ነው፤ ሦስቱንም ከቤታችሁ በወሰድኳቸው ምሳሌዎች ላሳያችሁ።

አንደኛው ክፍልፋይ ነው። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ከክፍሉ ብዙው 2/5 ብሎ ይጽፋል። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ ማለት ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ግማሽ እንጀራ በሳህኔ ላይ አለ፤ ሲሶ ጨመራችሁልኝ። 2/5 ከግማሽ ያነሰ ነው። ተጨምሮልኝ እንዴት ቀነሰ? ሲሶና ሩብ፣ እርቦና ግማሽ አባቶቻችን በእህልና በመሬት የለመዱት ነገር ነው። ትክክለኛው መንገድ እንጀራውን ስድስት ቦታ መቁረጥ ነው፤ ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ፣ በድምሩ 5/6 ይሆናል። ይህን ለልጁ ለማስረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ ቢላና እንጀራ ይበቃል።

ሁለተኛው ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ይህ በስምንተኛ ክፍል መጀመሪያ የሚመጣ ነው። ልጁ ኔጌቲቭ ሲባል ይደነግጣል። ነገር ግን የዱቤ ደብተር የሌለው ቤት አለ ወይ? ሱቅ 300 ሽልንግ ዕዳ ካለባችሁ ያ ኔጌቲቭ 300 ነው። 120 ብትከፍሉ ዕዳው 180 ይቀራል፤ ኔጌቲቭ 180። ልጁ ግን ምልክቱን ሳያይ ደምሮ ኔጌቲቭ 420 ይላል። ከፍላችሁ ዕዳ ጨመረባችሁ ማለት ነው! መልሳችሁ የ50 ሽልንግ ሳሙና በዱቤ ብትወስዱ ደግሞ ዕዳው 230 ይሆናል፤ እሱ 130 ይላል። ያ በሱቅ ሲጠብቅ ያመሸ ልጅ የዱቤ ደብተሩን አንድም ቀን ሳይሳሳት ይይዝ ነበር። ክፍል ውስጥ የወደቀበት ነገር ይኸው የዱቤ ደብተር መሆኑን የነገረው ግን አልነበረም። እኔም ጭምር።

ሦስተኛው በቁጥር ፈንታ ሆሄ ሲገባ ነው፤ አልጀብራ የምንለው። «ሒሳብ ነው ወይስ ቋንቋ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። አራት እኩል ጀሪካንና አንድ የ5 ሊትር ዕቃ ሞልታችሁ በጠቅላላው 85 ሊትር ውሃ ብታመጡ፣ አንዱ ጀሪካን ስንት ይይዛል? አምስቱን ታነሳላችሁ፤ 80 ይቀራል፤ ለአራት ስታካፍሉት 20 ነው። ይህን እዚህ ያሉት እናቶች በቃላቸው አሁኑኑ መለሱት። ልጁ የሚማረው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ የጀሪካኑን መጠን ገና ስለማያውቀው በሆሄ ሰይሞት መጀመሩ ነው።

ስለዚህ «እኔ አልተማርኩም፣ ምን አውቃለሁ» አትበሉኝ። ቡና ሸጣችሁ፣ የሽልንግ መልስ በቃል አስልታችሁ፣ ዕቁብ ይዛችሁ ቤት ታስተዳድራላችሁ። የጎደለባችሁ የልጁን ትምህርት የሚነግራችሁ ሰው ነው፤ ያንን ማሟላት ደግሞ የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።

ልጁ የራሱ አስተርጓሚ አይሁን

አንድ ትልቅ ችግር ልንገራችሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚላከው ወረቀትም እንደዚያው። ወላጅ ወረቀቱን ይዞ «ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቀው ልጁን ነው። «ከክፍል ይቀራል፣ ወላጅ ይምጣ» የሚለውን ደብዳቤ «ዓርብ ትምህርት የለም ይላል» ብሎ የተረጎመ ልጅ አውቃለሁ። በልጁ አልፈርድም፤ ዳኛውም ተከሳሹም እሱ እንዲሆን ያደረግነው እኛ ነን።

ደግሞ በልጆቹ ላይ የሚደርሰውን ጭነት አንርሳ። በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ልጅ ተጨናንቆ ይቀመጣል። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ የእያንዳንዱን ደብተር ላይ ልሂድ ብል ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በራሽን ቀን ብዙ ልጅ ይቀራል፤ በተለይ ሴቶቹ። አንዲት ተማሪዬ በተርሙ ውስጥ የቀረችባቸውን ቀኖች ከመዝገብ ስቆጥር፣ አብዛኛው ክፍልፋይ የተማርንባቸው ሳምንታት ሆነው አገኘሁ። እናትየው «ሴት ልጅ ሒሳብ አይገባትም መሰለኝ» አለችኝ። እትዬ፣ ልጅቷ ሒሳቡን መቼ አገኘችው? ስንላቸው ከክፍል ቀርተው ስንላቸው ውሃ ቀድተው፣ ኋላ አልገባቸውም ብንል ግፍ ነው። ቀኑን መቀየር ባይቻል ወንድምየው በተራ ይሂድ። መቅረት ግድ ቢሆን እንኳ ወላጅ በማግሥቱ «የትናንቱን ደብተር ከጓደኛሽ ገልብጠሻል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

እኛ የምናደርገው፣ እናንተ የምታደርጉት

በመሆኑም ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን የሚከተለውን ወስነናል።

አንደኛ፣ ከሚቀጥለው ተርም ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ በአማርኛ የተጻፈች አጭር ወረቀት በልጁ የሒሳብ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ እንለጥፋለን። ሦስት ነገር ብቻ ትይዛለች፦ አሁን የምንማረው ምንድን ነው፣ ልጁ የቱ ጋ ነው ያለው፣ በቤት ምን ቢደረግ ይረዳዋል። ወላጅ ማየቱን በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ያረጋግጣል።

ሁለተኛ፣ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየብሎኩ ቡና በሚፈላበት ተገኝተን በቃል እናስረዳለን። የአንድን ልጅ ውጤት በሰው ፊት አናነብም። ለወላጁ ብቻ፣ ልጁም ባለበት እንነግራለን። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚቀናቸው ወላጆች ካሉ ከመምህራኑ መካከል የሚያስረዳ እናመጣለን።

ሦስተኛ፣ ልጁ ሲደክም ብቻ አንጠራችሁም። ሲሻሻልም እንልካለን። መምህር ጠራኝ ሲባል ልባችሁ እንዲደነግጥ አንፈልግም።

ከእናንተ የምንጠይቀው ደግሞ ከባድ አይደለም። ማታ ደብተሩን ግለጡ። እንግሊዝኛውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ቀን በየገጹ ተጽፏል? በመካከል የሳምንት ክፍተት አለ? በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ የተደረገበት ሥራ ከሥሩ ታርሞ ተሠርቷል? ወይስ ተትቶ ታልፏል? እነዚህን ሦስት ነገሮች ፊደል ያልቆጠረም ዓይን ያያል።

ቀጥሎ «ዛሬ ምን ተማርክ?» አትበሉ። መልሱ «ደህና ነው» ነው። «አንዱን ሥራና አሳየኝ፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረግህ ንገረኝ» በሉት። ለማስረዳት ከተንተባተበ አልገባውም ማለት ነው። ያን ጊዜ አትቆጡ። በተለይ ዱላ አታንሱ። የተደበደበ ልጅ የሚማረው ሒሳብ አይደለም፤ ደብተር መደበቅን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እንዳይደብቅ የምናደርገው እኛ ነን። «ይህን ነገ ለመምህርህ አሳየው» ብላችሁ ገጹን እጠፉለት። የታጠፈ ገጽ ሳይ ወላጅ እንደላከው አውቃለሁ፤ በዕረፍት ሰዓት አስጠርቼ አያለሁ።

ሌላው፣ ቢያንስ በቀን አንድ ሰዓት ለልጁ ስጡት። መብራት ከሌለ ገና ሳይመሽ ይሁን። ወላጅ ለልጁ ክፍያ ያለው አስጠኚ ላይቀጥር ይችላል። አንድ ሰዓት ግን መስጠት ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። በመካከላችን «ፕሮሰሳችን ከተሳካ እንሄዳለን፤ የዚህ አገር ትምህርት ምን ያደርግልናል?» የሚል አስተሳሰብ አለ። እኔም ስሜን ዝርዝር ላይ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ነገር ግን ስንቶቻችን ስንት ዓመት እንደጠበቅን እናውቃለን። ልጅ እስከዚያ አይጠብቅም፤ ያድጋል። ሁለተኛም፣ ቋንቋ በየአገሩ ይለያያል፣ ታሪክም ይለያያል፤ 5/6 ግን በካኩማም፣ በአዲስ አበባም፣ በሚኒሶታም 5/6 ነው። ከሻንጣ በላይ የማይመዝን፣ ፖሊስ የማይፈትሸው፣ ድንበር ላይ የማይቀር ንብረት ቢኖር ይህ ነው። ብንሄድም ይዞት ይሄዳል፤ ብንመለስም ይዞት ይመለሳል፤ ብንቆይም ይኖርበታል።

ስለዚያ ልጅ ደግሞ ሳልነግራችሁ ብወርድ ትጠይቁኛላችሁ። አባትየው ማታ ማታ ሱቁን ራሱ ይዞ ልጁን አስቀመጠው። እኔም የዱቤ ደብተሩን ክፍል ውስጥ ይዞ እንዲመጣ ጠየቅሁት፤ ከእሱ ላይ ኢንቲጀርን እንደ አዲስ ጀመርን። ተአምር አልሆነም። በዚያ ተርም ያገኘው ያንኑ «ኤ.ኢ.» ነበር። በሚቀጥለው ተርም ግን «ኤም.ኢ.» ሆነ። አባትየው አዲሱን ካርድ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣና «መምህር፣ አሁን ይህንን አንተው አንብብልኝ፤ ደስ ልበለኝ ወይስ አይበለኝ?» አለኝ። «ጋሼ፣ አሁን ደስ ይበልዎት» አልኩት። የፊተኛውን ካርድ ግን ከላስቲኩ አላወጣውም፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ወላጆች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከእኛ በኩል ይሉኝታ ሳንይዝ እውነቱን በጊዜው እንድንነግራችሁ፣ ከእናንተ በኩል ሳትቀየሙ እንድትሰሙን እለምናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በሰው ፊት የማይጠየቅም ቢሆን፣ ከስብሰባው በኋላ ከዛፉ ሥር እቆያለሁ። ካርዳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ አንድ በአንድ አብረን እናነባለን።